ማደንዘዣው ሳይዝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ልጄን ቪላይን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሆዷ ወርዷል። አዋላጇን ስለ ማደንዘዣ ጠየቀቻት። ጀርባ ላይ የሚወጋው፣ ምጡን ራሱን የሚያስታግሰው፣ ዋና ከተማው ቪየንቲያን ካልሄዱ የለም አለቻት። «እኔ ያለኝ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ ነው። ምጡን አያስቆምም። ከተቀደድሽ ግን ስሰፋሽ አይሰማሽም።»

«እሱም ትልቅ ነገር ነው» አለች ቪላይ።

አብራን የመጣችው የቪላይ አማት ካምፑይ ሳቀች። «ጥርስ ልታስነቅይ ነው እንዴ? እኔ ስድስቱንም ትንፍሽ ሳልል ነው የወለድኩት።»

እኛ ሰፈር ምጥ ላይ የጮኸች ሴት ዓመት ሙሉ መሳቂያ ናት።  ቪላይን ደግፌ አስነሳኋት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ወለደች። ወንድ። ካምፑይ በሩ ላይ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር... ማን ደፍሮ ይጮኻል?

ከዚያ ስፌቱ። አዋላጇ ሌላ ወላድ ትጠብቃታለች፣ ቸኩላለች። ማደንዘዣውን ወግታ ወዲያው መስፋት ጀመረች። የቪላይ የእግር ጣቶች ሲኮራመቱ አየሁ።

«ያምሻል?» አለቻት አዋላጇ።

«አይ።»

«ጥሩ፣ ይዟል።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ቪላይ ከሥሩ ፍም በተደረገበት የቀርከሃ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ እኛ ዘንድ አራስ እንደምትተኛው። ሴቶቹ ሩዝ ይዘው መጡ። «ጀግና! ድምፅዋ አልተሰማም!» ምስጋናውን የተቀበለችው ካምፑይ ናት።

ሲወጡ፦ «እማዬ፣ ክሩ ሲጎተት ሁሉ ይሰማኝ ነበር።»

«ምነው አልተናገርሽ?»

«ምን ሊሉኝ?»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ትኩሳት። ቁስሉ ይሸታል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ስፌቱ ተፈቷል። ቁስሉ በመድኃኒት ጠርቷል፤ ሰኞ እንደገና ይሰፋል። «ክፍቱን ይቅር» ብላ ለመነችኝ። ምጥ ያላስፈራት ልጅ...

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ካምፑይም መጣች። «አንዴ የቻለች ሁለተኛው ያቅታታል?»

አዋላጇ ወጋች፤ ወዲያው መስፊያውን አነሳች። ቪላይ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቆይ!» እኔ ነኝ የጮኽኩት። «አልያዘም! መጀመሪያ ቆንጥጠሽ እይ!»

«እማማ፣ እሷ መች ጮኸች?»

«አትጮህም! እንዳትጮህ ነው ያሳደግናት!»

«ኧረ ውርደት!» ካምፑይ ናት።

አዋላጇ ቆነጠጠቻት።

«ያማል» አለች ቪላይ። ከዚያ ጮክ ብላ፦ «ያማል!»

ማደንዘዣ ጨመረችላት። ጠበቀች። እንደገና ቆነጠጠች። በመጨረሻ ሲሰፋ ቪላይ ስለ ልጇ ጆሮ ታወራኝ ነበር። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ... ያኔም እንዲህ ይቻል ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

እኛ ቤት የሚኖረው ባሏ ሶምቻን ከእናቱ ዘንድ መጣ። ቁስሉ እንዴት ሆነ አላለም።

«እናቴን አዋርዳችኋል። ይቅርታ ጠይቁ።»

«ስለ ምኑ?» አለች ቪላይ። «ሳልደነዝዝ ስለተሰፋሁት?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

ልብሱን ሰብስቦ ወጣ። ይመለስ ይሆን? እንጃ። ቪላይ አሁን ታለቅሳለች፤ ድምፅ አውጥታ፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሰው ያልፋል።

ዝም በይ አላልኳትም።