ፈረንጅ ሁሉ አንድ መስሎኝ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ የምሥራች፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? ሰሎሜዬ ፈተናዋን እንዴት አደረገች? ኦማ የምትሏቸው የባልሽ እናትስ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያለ ምርኩዝ መራመድ ቻሉ? ኑርንበርግ ብርዱ ለቀቃችሁ? እኛ እዚህ ኮለምበስ፣ ጌታ ይመስገን፣ በአካል ደህና ነን። የባለቤቴ የወርቁ ስኳር ወርዶለታል። እኔም አረጋውያን የምጦርበትን ነርሲንግ ሆም አልለቀቅኩም፤ ወገቤ እንጂ እኔ አልደከምኩም። በአካል ደህና ነን ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው። ልቤን ከጠየቅሽኝ እርር ድብን ብሏል፤ ያሳረረውም ባልሽ ዩርገን ነው።

በዚህ ዘመን ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትዪ ይሆናል። ስደውልልሽ ስልኩን ስፒከር ላይ ታደርጊዋለሽ፣ ዩርገንም አማርኛ ልለማመድ እያለ አጠገብሽ ተቀምጦ ጆሮውን ይጥላል። ባለፈው እሱን ላማልሽ ገና ስሙን ከመጥራቴ "አቤት" አለኝ። ፊደላችንን ግን እስካሁን አልደፈረውም። እንግዲህ በጽሑፍ እንደ ልቤ ልናገር።

ጥቅምት ላይ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ መጥቶ እኛ ጋ ሲያርፍ እንደ ወንድሜ ነው የተቀበልኩት። እሱ ግን ከገባ ጀምሮ ማማረር ሆነ ሥራው። ዳቦውን ተጭኖ አይቶ ይሄ ስፖንጅ ነው አለኝ። የኤርፖርቱ ሽንት ቤት በር ከታች ለምን ክፍት ሆነ አለ። ሱቅ ወስጄው ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ እንደምን ዋልክ ብትለው፣ አውሮፕላን ላይ እንቅልፍ እንዴት እንደነሳው፣ አንገቱ በየት በኩል እንደሚያመው ሊያስረዳት ጀመረ። ከኋላችን ሰልፉ በር ደርሷል! ልጅቷ ዞር ብላ ሌላ ሰው ስታስተናግድ፣ ካልፈለገች ለምን ጠየቀችኝ ብሎ እስከ መኪናው ድረስ ተበሳጨ። ጎረቤታችንን ደግሞ፣ ደጃፍህ ላይ ባንዲራ የሰቀልከው የምትኖርበት አገር እንዳይጠፋብህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። ዩርገን ወዳጅ አገኘሁ ብሎ ደስ አለው፤ ጎረቤታችን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ብሎን አያውቅም።

አንቺም እዚያ ሆነሽ አትሳቂ፣ እቴ። ከእሱ ተምረሽ እናንተ አሜሪካኖቹ ፈገግታችሁ ከጥርስ አያልፍም፣ ደብል ሺፍት ስትሠሩ ትሞታላችሁ እያልሽ ስትተርቢኝ ኖረሻል። እኔስ ብሆን፣ አውሮፓ ያለ ሐበሻ እህቱን የሚናፍቀው በቀጠሮ ነው እያልኩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንቱን አስቄብሻለሁ። አዳማ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ያደግን ልጆች የማናውቃቸውን ሰዎች ጠብ ወርሰን ቁጭ አልን።

ወደ ነገሬ ልግባ። ልጄ ኤልናታን ሜጋን የምትባለውን ልጅ እንደሚያገባ ነግሬሻለሁ። አባቷ ዳግና እናቷ ፓም ክሊንተንቪል ነው የሚኖሩት፣ ዛፍ ያጠላበት አሮጌ ቤት። ኤልናታን ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም፣ እዚህ አገር ማንም እንዲህ አያደርግም ብሎ ለምኖኝ ነበር። እኔ ደግሞ ልጄን ያለ ሽማግሌ አልድርም አልኩ። ሜጋን ለወላጆቿ ስታስረዳቸው፣ እንዴት ደስ ይላል፣ ይምጡ አሉ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ አንድርያስንና ጋሽ አለሙን ያዝኩ። አንድ ሰው ጎደለኝ። ዩርገንም እኔ አጎቱ አይደለሁም ወይ አለ።

እኔም ቂሏ ፈረንጅ ከፈረንጅ አይጠፋፋም፣ ይግባባል አልኩ! ዳግ እንደ ራሱ ያለ ነጭ ሰው ከሽማግሎቹ መሀል ቢያይ ልቡ ይረጋል ብዬ አሰብኩ። ለዩርገን በደንብ ነገርኩት። አንተ ዝም ትላለህ፣ ከተጠየቅክም ጨዋ ልጅ ነው ትላለህ አልኩት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይሄንኑ ካሉ የእኔ መሄድ ምን ይጨምራል ብሎ ጠየቀኝ። ፊትህን ይጨምራል አልኩት። የሳቀ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ኤልናታን ነርሲንግ ሲማር ቆይቶ መሀል ላይ ትቶታል፤ አሁን የሚሠራው ዕቃ መጋዘን ነው። ሜጋን ታውቃለች። እኔ ግን ለእናቷ ነርሲንግ እየተማረ ነው ብያታለሁ። ደግሞም ውሸት አይደለም፤ የተማረውን ማን ይወስድበታል?

እዚያ ቤት የሆነውን ሁሉ የነገሩኝ ጋሽ አንድርያስ ናቸው። እንደ ወጋችን የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ሁለቱ ቆሙ። ፓም ሶፋው አስቀይሟቸው መስሏት ከወጥ ቤት የእንጨት ወንበር አመላለሰች። ዩርገን ግን ተቀመጡ ተብለናል አይደል ብሎ ዘፍ አለና በረዶ የሌለበት ውኃ ስጡኝ አለ። ፓም እኛም አውሮፓን በአንድ ሳምንት አይተናል፣ እናንተ አገር ቢራ ከቁርስ ጋር ነው አይደል አለችው። በሳምንት ያያችሁት የአውቶቡስ መስኮት ነው አላት። ዳግ እየሳቀ፣ እኛ ባንደርስላችሁ ኖሮ ዛሬ የት ትሆኑ ነበር ብሎ ቀለደ። ባልሽ ቀልድ መሆኑን መች አወቀ! ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስተምረው ያዘ። ጋሽ አለሙ ዐይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ነበር አሉኝ።

ከዚያ ጋሽ አንድርያስ እንደቆሙ በሚያምር ቋንቋ ልጁን አመሰገኑት፤ ትሑት ነው፣ ቤተሰቡን አክባሪ ነው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው አሉ። ዳግ ደስ ብሎት፣ እንዲህ ከሆነማ ጉድለቱ ምንድን ነው ታዲያ አለ። እቴ፣ ይሄ በሳቅ ብቻ የሚመለስ ነገር ነው። አሜሪካዊ ቢሆን ይስቃል፣ ሐበሻም ቢሆን ይስቃል። ያንቺ ባል ብርጭቆውን አስቀመጠና መለሰ።

"ትምህርቱን አቋርጧል። መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ሰነፍ አይደለም፣ ግን የጀመረውን አይጨርስም።"

የጀመረውን አይጨርስም! በሽምግልና ቤት! ጋሽ አንድርያስ ይሄን ሲነግሩኝ እጄ ላይ የነበረው ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ዳግ ጥርሱን በሙሉ አሳይቶ፣ ስለ ግልጽነትህ አመሰግናለሁ፣ በቅርቡ በእርግጠኝነት እንገናኛለን አለው። ጋሽ አንድርያስ ዕድሜያቸውን እዚህ የጨረሱ ሰው ናቸውና፣ በሩ እንደተዘጋ ገባቸው። ዩርገን መኪና ውስጥ ስልኩን አውጥቶ፣ ጥሩ ስብሰባ ነበር፣ በቅርቡ ያለው የትኛው ቀን ነው ብሎ ጠየቃቸው።

በዚህም አላበቃ። ዳግ ሲሸኛቸው በዚህ ካለፍክ ብቅ በል ብሎት ኖሮ፣ ቅዳሜ ወይን ጠጅ ይዞ ብቅ አለላቸው። ዳግ በረንዳ ላይ አቁሞ ስለ እግር ኳስ አወራው፣ ወይኑን ተቀበለው፣ ወደ ውስጥ ግባ ግን አላለውም። ዩርገን አሜሪካኖች አስመሳይ ናቸው እያለ ተመለሰ። ዳግ ደግሞ ለሜጋን ጀርመኖች ባለጌ እንደሆኑ ድሮም አውቅ ነበር አላት። ሁለቱም የጠረጠሩትን አግኝተው ተደሰቱ፤ መሀል ላይ የተቃጠለው የልጄ ሠርግ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሳልበቀለው አገሩ አይገባም ብዬ የማልኩት። ልደቱ ኅዳር ላይ መሆኑን አንቺ ነግረሽኛል። ልደትን ከቀኑ በፊት ማክበር እነሱ ዘንድ ክፉ ሟርት እንደሆነ ደግሞ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ሊሄድ ሲል ቤቴን በፊኛ ሞላሁት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወጣቶች ጠራሁ፣ ስሙ የተጻፈበት ኬክ አስጋገርኩ። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁላችንም ሰርፕራይዝ አልነው። ፊቱ እንደ ግድግዳ ነጣ። ገና ነው፣ ቀኑ ገና ነው እያለ እጁን ያርገበግባል፤ እኛ ደግሞ እያቀፍነው መልካም ልደት እንላለን። ሁለት ጊዜ አዘመርኩለት። ሻማውን አላጠፋም ሲል ራሴ እፍ አልኩለት። እኔ በጌታ ነኝ፣ ሟርት አላምንም፤ እሱ ግን ያምናል፣ ለእኔ ያ በቂዬ ነበር። ኅዳር እስኪያልፍ ምን ይደርስበት ይሆን ብዬ ስጠብቅ ጉንፋን እንኳ አልያዘውም።

ነሐሴ ላይም ለሰሎሜ ምርቃት ስመጣ እነሱ አገር ነውር የሚባለውን ሁሉ ላደርግ አውጥቼ አውርጄ ጨርሼ ነበር። እሁድ ጠዋት ቤትሽን በቫኪዩም አስጮኸዋለሁ። ባቡር ውስጥ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም እላለሁ። ኦማ ቤት ሳልደውል እሄድና አቅፌ ጉንጫቸውን እስማቸዋለሁ። መብራቱ ቀይ ሳለ፣ ልጆች እያዩ፣ ዩርገንን በእጁ ይዤ መንገድ አሻግረዋለሁ። በሺፍቴ መሀል ይሄን እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ለኤልናታን ግን ምንም አልነገርኩትም። እነ ሜጋን ቤት ምን አሉ ባለኝ ቁጥር፣ ወደውሃል፣ እያሰቡበት ነው፣ የትልቅ ሰው ነገር ጊዜ ይፈልጋል እለው ነበር። እናት ሌላ ምን ትላለች? ፓምን ገበያ ሳገኛት እሷም እቅፍ አድርጋኝ፣ አንድ ቀን እራት እንብላ ትለኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። ያ አንድ ቀን እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ መልስ ኤልናታን ብቻውን ቤት መጣ። ሰኔ ላይ ሊጋቡ ነው። ክሊንተንቪል ያለው የጽጌረዳ መናፈሻ ውስጥ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ያጋባቸዋል። ወላጅ የተባለ አይመጣም፤ ዳግና ፓምም፣ እኔና አባቱም። ለሜጋን አንድ ጓደኛዋ፣ ለእሱም አንድ ሰው፣ በቃ። እኔም ማን ነው ያንተ ሰው አልኩት። ዩርገን ነው አለኝ።

ሰማሽኝ፣ እቴ? የልጄ ሚዜ ያንቺ ባል ነው። አንቺም ሳታውቂ አትቀሪም፤ ቲኬቱን ሲቆርጥ የሥራ ነው ብሎሻል ብዬ አላምንም፣ መዋሸት መች ያውቅበታል።

ለካ ያን ዕለት ከዳግ ቤት እንደተመለሰ ለኤልናታን ኮል አድርጎ፣ እንዲህ ብያለሁ፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ ብሎታል፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ። ኤልናታን ሰድቦ ስልኩን ዘግቶበታል። በማግስቱ ግን ራሱ መልሶ ደወለለት። ከዚያ ወዲህ ሲያወሩ ነው የከረሙት። ጥር ላይ ትምህርቱን እንደገና ጀምሯል። ይሄን ኑርንበርግ ያለ ሰው ያውቃል፣ ምሳውን የምቋጥርለት እናቱ አላውቅም! ለምን ደበቅከኝ ብዬ ብጮህበት ቀና ብሎ አየኝ።

"ማም፣ እሱ ፊት ለፊት ነገረኝ። አንቺ እስከ ዛሬ ስትስቂልኝ ከረምሽ።"

የቋጠርኩለትን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

ወርቁ ተይው፣ ልጁ ይብረድለት ይለኛል። ፓስተራችን ይቅር በይ አሉኝ፤ አሜን ብዬ ወጣሁ፣ ልቤ ግን አሜን አላለም። አንቺም ይቅር በይው ብለሽ እንዳትደውዪልኝ። ቂሜን አልጣልኩም። ቤቴ አሳድሬ፣ የራሴን አልጋ ለቅቄለት ልጄን ወስዶብኛል። ብችል ኬኩን ዛሬም አስጋግርለት ነበር።

እንግዲህ ሰሎሜዬን ሳሚልኝ፤ ለምርቃቷ መምጣቴ አይቀርም፣ ጸጉሯን እኔ ነኝ የምሠራላት። ኦማን ጤና ይስጥልኝ በያቸው፤ እሳቸው ምን በደሉኝ። የኑርንበርጓ፣ አይ፣ የአዳማዋ እህቴ፣ ራስሽንና ጉልበትሽን ጠብቂልኝ። ወርቁ በብዙ ሰላም ይልሻል፣ ጋሽ አንድርያስም እንደዚሁ።

ለዩርገን ሰላምታ የለኝም። ይሄን ግን አንብቢለት። ያን ቀን ልጄ አጠገብ ሲቆም ደህና አድርጎ ይየው፤ ሲጨርሱ ይደውልልኝ። ኤልናታንን ብጠይቀው ሁሉም ጥሩ ነበር ይለኛል። ሜጋንም ከእናቷ የተማረችውን ሳቅ ትስቅልኛለች። ልጄ ዞር ዞር ብሎ በዐይኑ ፈልጎኝ እንደሆነ፣ ወይም ጭራሽ ትዝ ሳልለው ቀርቼ እንደሆነ፣ ባልሽ ሳያለሳልስ ይንገረኝ።

እህትሽ ቆንጂት
ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
ግንቦት ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.