ሳላሞቀው ጅራት የቀጠልኩለት ዱቄት

ሰኞ

ዛሬም አልሟሟ አለ። ወዘወዝኩት፣ ማሟሚያ ጨመርኩበት፣ ለመንኩት፤ ቀዩ ዱቄት ብልቃጡ ሥር ተጎልቶ ያየኛል። መብራት የለም። ዝናቡ ማቆሚያ የለውም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጋቢ ደርቤ ነው የምሠራው። ኧረ የደብረ ማርቆስ ክረምት!

ዱቄቱን የሠራው ይበልጣል ነው፤ አብሮኝ ማስተርስ የሚማረው። ዓመቱን ሙሉ ለፋበት። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሞለኪውል ነው፤ ሟሙቶ መስታወት ላይ በስሱ ካልተቀባ ግን ለሁለታችንም መመረቂያ አይሆነንም። እሱ አጎቱ አርፈውበት አገሩ ቁይ ሄዶ ለቅሶ ላይ ነው። ደወልኩለት። ሞለኪውሉ ላይ ረዥም ጅራት ብቀጥልበት ይሟሟል አልኩት።

«ቀጥይ፤ ግማሹን ግን እንዳትነኪብኝ» አለ።

ማክሰኞ

መብራት መጣ! ግማሹን ላስቀር ብዬ ነበር። ግን ትንሽ ከሆነ ሲጣራ ያልቃል፤ መብራቱስ ነገ መኖሩን ማን ያውቃል? ሁሉንም ጨምሬ ጅራቱን ቀጠልኩበት።

ረቡዕ

ሟሟ! ኩልል አለ! መስታወቱ ላይ ሲደርቅ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር። ብቻዬን ጨፈርኩ። ለይበልጣል አልደወልኩም፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይረበሽም ብዬ። ውሸቴን ነው። ግማሹስ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ሐሙስ

ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ለካሁት። የለም ማለት ይቀላል። ሽቦ ቀየርኩ፣ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ጅራቱ ሞለኪውሎቹን አራራቃቸው፤ ካልተጠጋጉ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ አንዱ አይሻገርም። ይህንኑ ፈተና ላይ አብራርቼ ኤ አግኝቼበታለሁ። ድንቄም ኤ! አሁን ጅራቱን ነቅሎ መመለስ የለም።

ዓርብ

ይበልጣል ጥቁር ለብሶ መጣ። ነገርኩት። አሮጌውን ብልቃጥ አነሳ፤ ጎኑ ላይ ጥቂት ዱቄት ቀርታለች። ማሟሚያ ጠብ አደረገባት፣ ከፔርሙሱ ሙቅ ውሃ ቀዳና ብልቃጡን ነከረው። ዓይኔ እያየ ሟሟች።

«ብርዱ ነዋ» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ብርዱን ሳማርር ሰንብቼ፣ ዱቄቱንም ይበርደዋል ብዬ አላሰብኩም! ምነው እጄን በቆረጠው!

ቀባነው፣ ለካነው። አስተላለፈ፤ የኔው አጠገቡም አይደርስ። ሁለታችንም አልተደሰትንም፤ የቀረችው ለአንድ መስታወት እንኳ በግድ ነው የበቃችው።

«ያንቺ መሟሟቱም ውጤት ነው፤ ተመረቂበት» አለኝ። «እኔ ለከርሞ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት ደወልኩለት። ይቅርታ አልኩት። ዱቄቱ የሚሠራበት መነሻ ኬሚካል ጥቂት አለ፤ ቤተሰቦቼ ጋ መሄዴን ትቼ ክረምቱን አብሬህ ልሥራው፣ ከደረሰ አብረን እንመረቃለን፣ ካልደረሰም እኔም እቆያለሁ አልኩት።

«እሺ፣ ሰኞ እንጀምር» አለ። «አዲሱ ዱቄት ግን እኔ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ቁልፉም እኔ ጋ።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ይበልጣል ከኔ ቆልፎ አያውቅም ነበር።