አማቴ ሲመጡ እወጣ ነበር

የካቲት 12፣ ረቡዕ
ዝናብ። መንገዱ ዛሬም ዝግ። ከአጎቴ ክላሪ ጋር ለቋንቋችን መዝገበ ቃላት የዓሣ ስም ስንለቅም ዋልን። ጥቂት እንደነገሩኝ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ደግሞ መጡ። ገና ሳያቸው ሻዬን እንደያዝኩ በጓሮ በር ውልቅ። እኛ ዘንድ የሚስት እናትና የልጅ ባል አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። ስማቸውን እዚህ እንኳ አልጽፍም። ግን ምን ያደርጋል... ቋንቋችንን እንደ እሳቸው የሚያውቅ የቀረ የለም። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የማር ምዕራፍ ባዶውን ተቀምጧል። ሚስቴ ሮንዳ ጠይቃ ታምጣልኝ ብል፣ ከክሊኒክ ሥራዋ ደክሟት ነው የምትገባው። "በባሌና በእናቴ መሃል ፖስተኛ ሆኜ ልሙትልህ?" ትላለች።

የካቲት 19
ዛሬም መጡ። ዛሬም ወጣሁ። ማንጎው ሥር ቆሜ በሰበስኩ። ረቡዕ ረቡዕ ምን ፈልገው ነው?

"እዚህ ያለውን ማራገቢያ ነዋ! ቤታቸው እኮ ምድጃ ነው" አሉ አጎቴ ክላሪ። ይሆናል።

መጋቢት 4
ሮንዳ እያለቀሰች ገባች። የእናቷ ኩላሊት አበቃለት። ደም የሚያጥበው ማሽን ያለው ሩቅ፣ ዳርዊን ከተማ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይወስዷቸዋል። ለዚያ ማሽን ሄዶ የተመለሰ አላየንም።

ከዚያ ዞረችብኝ።
"እማዬ ምን አለችኝ መሰለህ? 'ያ ሰውዬ ቃሌን ለምን ናቀው?'"
"እኔ?!"
"ረቡዕ ረቡዕ ፀጉሯን አበጥራ ስትመጣ የነበረው ለመዝገበ ቃላትህ የማር ቃል ልትሰጥህ ነው። አንተ ትፈረጥጣለህ!"
"አክብሬ ነዋ!"
"ጀርባህን ብታዞር ይበቃ ነበር፣ አንተ ጅል! አባቴና የእናቴ እናት በአንድ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አይደል እንዴ ዓሣ ይካፈሉ የነበሩት?"

ያደግኩት ከተማ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት። ደንቡን የማውቀው ግማሹን ነው። ግማሹን በፍርሃት ሞላሁት።

መጋቢት 5
ክፍሉ መሃል ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ ጀርባ ለጀርባ። መቅረጫው መሬት ላይ። ውሻቸውን ማናገር ጀመሩ።

"ሬክስ፣ ንብ ቤቷ አፍ ላይ የምትሠራት የሰም በር ስም አላት። ታውቃለህ? የት አውቀህ! አንተም እንደ አንዳንዱ ሰው ሩጫ ብቻ ነህ።"

ስሟን ተናገሩ። ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ደግሞ አጠገቤ ወደተቀመጡት አጎቴ ክላሪ ዞሬ፣ "አንድ ሰው ቢደግምልን ምናለ?" አልኩ።

"ሬክስ! ደንቆሮ ነህ እንዴ?" ብለው ደገሙት።

የመሬት ማር። የዛፍ ማር። የኮመጠጠው። ለሕፃን የማይሰጠው። እየሳቁ፣ ውሻውን እየሰደቡ... ለካ እንዲህ ቀላል ነበር! መዝገበ ቃላቱን ከጀመርን ሁለት ዓመት ሙሉ ስሸሽ!

መጋቢት 11
አውሮፕላኑ ወሰዳቸው። ከውሃ ታንከሩ ኋላ ቆሜ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። የማሩን ግማሽ እንኳ አልጨረስንም።

ሚያዝያ 20
ሮንዳ ደወለችላቸው። ጠይቂልኝ ያልኳትን የማር ቃል ጠየቀች። "ልጄ፣ እዚህ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ምኑን አይቼ ልጥራው?" አሏት።

ከእንግዲህ አትጠይቂያቸው አልኩ።

ሰኔ 2
አረፉ።

ሰኔ 15
እኛ ዘንድ የሟች ድምፅ ቤተሰብ እስኪፈቅድ አይሰማም። ሮንዳ መቅረጫውን ቆለፈችበት። ልክ ናት። በእጄ የጻፍኩት ብቻ ቀረ፣ እሱም እፍኝ አይሞላም።

በመዝገበ ቃላቱ አብራን የምትሠራው የቋንቋ ባለሙያ ካሪን ከከተማ ደወለች። "የማሩን ምዕራፍ እንዝለለው?"
"አይዘለልም። ከነባዶ ቦታው ይታተም።"

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እኔ ግን በአክብሮት ስም ነው ያፈሰስኩት። የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። ሴትዮዋ ተናቅሁ ብለው ስንት ረቡዕ ወደ ቤታቸው ተመለሱ?

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ
ሮንዳ ከክሊኒክ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። እናቷ ለማር የሚሉት አንድ ቃል ትዝ ብሏት፣ እንዳይጠፋባት መንገዱን ሙሉ እየደጋገመችው። ኮምፒዩተሩ ላይ የልጃችን ባል ጄሮም ነበር፣ ከሰኔ ጀምሮ እሱ ነው የሚተይብልኝ። ድምፅዋን ሲሰማ ብድግ። ወደ ጓሮ በር።

"ተቀመጥ!" ብዬ ጮህኩበት።

ልጁ ክው አለ። "አማቴ እኮ መጡ..."

"አውቃለሁ! ወንበርህን አዙርና ጻፍ!"

አዞረ። ሮንዳ ቃሉን ለግድግዳው ተናገረች። እሱ ጻፈ። አንድ ፊደል መሳቱን ኮምፒዩተሩ ላይ አይታ፣ አሁንም ለግድግዳው፣ "ኧረ ይሄ ግድግዳ ጆሮ የለውም!" አለች። ልጁ ሳቀና አረመው።

እኔ ወጥቼ አለቀስኩ።