ጥልመት እንስሳ ነው

ሰላማዊት፣

ውኃ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል ተብሏል፤ ሁለቱንም ጀሪካን ሙዪ። ጆንያው ውስጥ ያለው ድንች የሁለታችንም ነው፣ ብዪ።

እኔ ጉና፣ እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ኩርፊያ አይደለም።
ነው ብትዪም አልከራከርሽም።

ትናንት የጥልመት ፊልም አድናቂዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን አልረሳሁትም። ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡር፣ ጥልመት፣ በመጀመሪያው ፊልም ከእንቁላል ይፈለፈላል፣ ልጁንም ይልሳል፤ ሌላ ኩባንያ በሠራው ተከታታይ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ይገጣጠማል። አንቺ "ማሽን ነው" አልሽ። እኔ "ልጁን የሚልስ ፍጡር እንስሳ ነው" አልሁ። እስከዚህ ድረስ ክርክር ነው፣ ደስም ይላል። "ፈንታነሽ ከበግ ሌላ ምን አይታ ታውቃለች?" ብሎ መጻፍ ግን ክርክር አይደለም። አራት መቶ ሰው ሳቀብኝ።

አዎ፣ በግ አይቻለሁ። በውርጭ የተወለደ ግልገል እናቱ ልሳ ካላደረቀችው ይሞታል። ይህን ከፊልም አልተማርሁትም።

ባዮሎጂ መውደቅሽን እዚያው ግሩፑ ላይ መጻፌ ነውር ነው። ለእኔ ብቻ ብለሽ የነገርሽኝ ነበር። አጥፍቼዋለሁ፤ ያየው ግን አይቶታል። ለዚያ ይቅርታ።
ለሌላው አልጠይቅም።

በጎቻችን በዚህ ሳምንት ይወልዳሉ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እስከ ገሳይ ነይ፤ ወንድሜ ይሻው በቅሎ ይዞ ይጠብቅሻል። ብርድ ነው፣ ወፍራም ልብስ ልበሺ። እናቲቱ ግልገሏን ስትልስ በዓይንሽ አይተሽም "ጥልመት ማሽን ነው" ካልሽ፣ ግሩፑን ለአንቺ ለቅቄ እወጣለሁ።

አትዪም እንጂ።

ፈንታነሽ