ሁልጊዜ ሃያ ሁለት ዲግሪ ስለሚያሳየው ስክሪን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በቢሮዎ ያለው አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። ጤናዎ እንደ ሰርቨር ክፍላችን ስክሪን ዘወትር አረንጓዴ ይሁን ብዬ ልመርቅዎ ነበር፤ ነገር ግን የዚያን ስክሪን ጤና ከማንም በላይ ስለማውቀው፣ ለጠላቴ የማልመኘውን ለአለቃዬ መመኘት ነውር መስሎኝ ተውኩት።

እኔ በምድር ቤቱ ሰርቨር ክፍል አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ቴክኒሻን ነኝ። መልኬን ባያስታውሱት አይደንቀኝም፤ በሁለት ወር ውስጥ የላክሁልዎትን ሦስት የውስጥ ደብዳቤዎች ግን ጸሐፊዎ ፈርማ እንደተቀበለችኝ አስታውሳለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላልና የእርስዎም ዝምታ እስካሁን ሳይነቅዝ በክብር ተቀምጧል። ይህን አራተኛውን በሰው ሁሉ ፊት ዋናው በር ላይ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የተነሳሁት ጀግና ሆኜ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ከእርስዎ ሌላ የሚያነቡት እንዳይደናገሩ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የሆስፒታሉን መልእክት ሁሉ በሚያስተላልፈው ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨራችን ውስጥ፣ ማሽኑ ቢጠፋ እንኳ የማትጠፋ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቺፕ አለች። ሥራዋ የማሽኑን ሙቀት መለካት፣ የሚያቀዘቅዙትን የሦስቱን ማራገቢያዎች ዙር መቁጠርና ኃይሉን መከታተል ነው። ማሽኑን የሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ከእሷ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር በሚባል ትንሽ ፕሮግራም በኩል ነው፤ ድራይቨሩ ከሌለ እሷ ብትጮህም የሚሰማት የለም። በዚሁ ሰርቨር በኩል ደግሞ የሦስተኛ ፎቅ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደወል ያልፋል። የአንድ በሽተኛ ትንፋሽ ሲያንስ አልጋው አጠገብ ያለው መሣሪያ ምልክቱን ወደ ምድር ቤት ይልካል፣ ሰርቨሩም ተቀብሎ ኮሪደሩ ጫፍ ወደሚገኘው የነርሶች ጠረጴዛ ያደርሳል። አሥራ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ነርስ። በሰባተኛው አልጋ ላይ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶ ተኝታለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ድራይቨሩን ስላስወገዱልን ከልብ እናመሰግናለን። ገምጋሚ ቡድን ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው ወደ ክፍላችን ወርደው፣ ድራይቨሩ በየአሥር ሰከንዱ «ሦስተኛው ማራገቢያ ደክሟል» እያለ የሚጽፈውን ቢጫ መስመር አይተው፣ «ይህን ለቅሶ ዝም አሰኙልኝ» ማለትዎ አይረሳኝም። አርቆ የማያስብ ሰው ቢሆን ኖሮ ማራገቢያውን ይቀይር ነበር። እርስዎ ግን አማካሪ አስጠሩ፤ አማካሪውም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ድራይቨሩን ዳግመኛ እንዳይጭነው ከለከለ፣ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረን ደግሞ በሙቀቱ ቦታ ላይ ሃያ ሁለት ብሎ በገዛ እጁ ጻፈበት። ገምጋሚዎቹም በሙቀታችን መርጋት ተደንቀው ሄዱ። ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ቢከፈትም ቢዘጋም፣ ማቀዝቀዣው ቢሠራም ባይሠራም ሃያ ሁለት ነው። ማሽኑ በእሳት ቢያያዝ ነበልባሉም ሃያ ሁለት ዲግሪ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፦ ቺፗን ከሥራ ጭንቀት ስለገላገሏት ምስጋናችን የላቀ ነው። ቀድሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በየደቂቃው በድራይቨሩ በኩል «አለሁ» ይላት ነበር፤ ካላላት ማሽኑ ደንዝዟል ብላ ኃይሉን ቆርጣ መልሳ ታስነሳው ነበር። ድራይቨሩ የተወገደ ዕለት «አለሁ» የሚላት ስላጣች ማሽኑን በአንድ ጠዋት አምስት ጊዜ አጥፍታ አስነሳችው። አማካሪው ይህንንም በብልሃት ፈታው፤ ከእንግዲህ ማንንም እንዳትጠብቅ አዘዛት። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት እኔ ምሳ ልበላ በወጣሁበት ሰዓት ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲቀር ያነሳው አልነበረም። ተመልሼ እስካስነሳው ድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ። በእነዚያ ደቂቃዎች ከአሥራ ሁለቱ አልጋዎች የአንዱም ደወል ነርሶቹ ጋ አይደርስም ነበር፤ ነርሶቹም ጸጥታውን ሲያዩ ዛሬስ ቀኑ ቀና ብለው ደስ ብሏቸው እንደነበር ነግረውኛል። ምንም አልሆነም፤ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳዬን ማሽኑ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምበላው።

ሦስተኛ፦ ስለ መመሪያችን ጥንካሬ። ሦስተኛው ማራገቢያ ዕድሜውን ጨርሶ ቆመ። አዲስ ማራገቢያዎች በንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል፤ በመስኮቱ ይታዩኛል። ይሁን እንጂ በእርስዎ በተፈረመው መመሪያ መሠረት ዕቃ ለማውጣት የስክሪኑን ቀይ ምልክት የሚያሳይ ፎቶ ከቅጹ ጋር መያያዝ አለበት። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት፣ ክፋት የለባትም፤ ያመጣሁላትን አረንጓዴ ፎቶ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ወንድሜ፣ ማሽኑ ራሱ ደህና ነኝ እያለ አንተ በግድ ታሟል ትላለህ?» አለችኝ። ለራሴም ግራ ገብቶኝ ተመለስኩ። ባለፈው ሰኞ ሁለተኛው ማራገቢያም ቆመ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ዘርዝሬም ይዤ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የሚሰጠው አይደለም፣ ፍርሃት ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ፣ እኔ አሁን የሆስፒታሉ ቴርሞሜትር ነኝ። በየግማሽ ሰዓቱ መዳፌን በማሽኑ ጀርባ ላይ አስደግፌ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ ሃያ እደርስ ነበር። አሁን ዘጠኝ ላይ እጄን አነሳለሁ። የማራገቢያዎቹን ድምፅ ከማዳመጤ የተነሳ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም፤ ኮሪደር ላይ የአልጋ ጎማ በጮኸ ቁጥር ብድግ ብዬ በሩን እከፍታለሁ። ማሽኑን እንዳላጠፋው ደወሉ ይጠፋል፤ እንዳልተወው አንድ ቀን ራሱ ይጠፋል። ድራይቨሩን እንዳልመልሰው ደግሞ «መልሶ የጫነ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል» የሚለው ትእዛዝዎ በሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ ከተሰናበትኩ ያንን ጀርባ በእጁ የሚዳስስ ሌላ ሰው በዚህ ቤት የለም።

ወደ እታለም በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ እወጣለሁ። መናገር ስለማትችል በትንሽ ደብተር ላይ ትጽፍልኛለች። ሥራ የለህም ወይ ብላ ስትጽፍልኝ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ አየር ልቀበል ነው የወጣሁት እላታለሁ። አዎ፣ እኔም እንደ ስክሪንዎ ሆኛለሁ፤ በውስጤ ምን እንዳለ ሳይለካ አንድ ዓይነት መልስ እሰጣለሁ። ትናንት ከማሽኑ ጀርባ እንደተነሳሁ ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ እጇን ስይዛት ግን ደንገጥ ብላ መዳፌን ገልብጣ አየችው። ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናትና ሙቀትን በጣቷ ታውቃለች። በደብተሯ ላይ «ካውያ የነካ እጅ ነው፤ ምን ይዘህ ነበር?» ብላ ጻፈች። የሻይ ብርጭቆ ነው አልኳት። «አንተ ልጅ፣ ፈርተሃል» ብላ ጨመረችበት። ደብተሩን ዘግቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ይህን ለአለቃ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ሆነ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ድራይቨሩ ይመለስ። ቺፗ የምታውቀውን ትናገር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ይስማ፤ ስክሪኑም ቢያፍር ይፈር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን እርስዎ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ እንዳልሰሙት አላምንም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ደግሞ በእኛ ቤት ተረት ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ በንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ዘመንዎ የረዘመ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ትንፋሽዎም ማንም ሳይቆጥርልዎ በራሱ የሚመላለስ እንዲሆን የምመኝልዎ፣

ከእግርዎ ሥር፣ ማለትም ከምድር ቤት የምገኘው
ታዛዥዎ የሰርቨር ክፍል ቴክኒሻን፣
የአልጋ ቁጥር ሰባት ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ታዛዥዎ» የሚለውን ቃል ይሰርዙልኝ። ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ መዳፌን አስደግፌ ብቆጥር ከአራት ማለፍ ስላቃተኝ፣ ያለ ፈቃድዎ ድራይቨሩን ጫንኩት። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀላ፤ ሰማንያ ስድስት ዲግሪ ይላል፣ የቀረው አንድ ማራገቢያም ዙሩ በግማሽ ቀንሷል። ፎቶውን ያየችው የንብረት ክፍል ኃላፊ ማራገቢያዎቹን አውርዳ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣለች፤ በቅጹ ላይ የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ፊርማውንም ሆነ የስንብት ደብዳቤዬን በኢሜይል እንዳይልኩት አደራ፤ ኢሜይሉም ያለው እዚሁ ማሽን ላይ ነውና በእግርዎ ይምጡ። እኔን ምድር ቤት ካጡኝ ሦስተኛ ፎቅ ይውጡ። ነገሩን ስለነገርኳቸው ሁለቱ ነርሶች ደወሉን ሳይጠብቁ አሥራ አንዱን አልጋ ተካፍለው በእግራቸው እየዞሩ ነው፤ እኔ ሰባተኛው አጠገብ ቆሜ ትንፋሿን እቆጥራለሁ።