ለምሳ የማይታጠፍ መኪና

ይድረስ ለልጄ ለያምሮት። ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ፤ እኔ ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ምስክር በከተማችን በኩል ወደ ባሕር ዳር ጭነት ሲያመላልስ ምሳውን እኔ ዘንድ ይበላ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ድርጅቱ በየመኪናው ጂፒኤስ ገጠመ። አሁን ከአስፋልቱ ከታጠፈ አለቆቹ ቢሯቸው ሆነው ያዩታል። ባልደረባው ገነነ ዕቃውን ነቅሎ ከሥራ ታገደ። ምስክር ግን "እማዬ፣ መኪናዋ ነገር አመላላሽ ሆናብኛለች" ብሎ ሳቀ። ስለዚህ ምሳውን ቋጥሬ አስፋልት ዳር እቆማለሁ፤ ቀስ ብሎ እየነዳ በመስኮት ይቀበለኛል። ፊቱን አየዋለሁ።

የአንቺን ፊት ግን የት ቆሜ ልይ? እንዲህ ያለው ዕቃ ላንቺ ቢገጠም አልጠላም ነበር። እባክሽ ከቤትሽ እስከ ሥራሽ የምትሄጂበትን መንገድ፣ አንድም መታጠፊያ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እዚያ ሲነጋ በሐሳቤ አብሬሽ እወጣለሁ።

የምትወጪበትንም የምትገቢበትንም ደጅ አምላክ ይጠብቅልኝ።

እናትሽ ንግሥቴ፣ ከፍኖተ ሰላም