በሩን ያልከፈተው እጄ

ውድ ቲቦ፣

ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ስማው፤ ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሺህ ሰው ፊት ተዋረድኩ። ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ሚስቴ ማርሊን የገዛችልኝን ሰማያዊ ክራቫት አስሬ፣ የቆዳ ጫማዬን እንዳደረግሁ፣ አንድ እግሬን በአጥሩ ላይ አሻግሬ ወደ በረዶ ሆኪው ሜዳ ልገባ ስል ታየሁ። አዎ፣ እኔ! የአርባ ስድስት ዓመቱ ረዳት አሰልጣኝ! ሱሪዬም መቀመጫው ላይ ተተረተረ። እሱን እንኳ ካሜራው አላገኘውም፣ ተመስገን።

ቪዲዮው ከተማውን አዳርሷል። ዳቦ ቤት ስገባ ባለቤቷ ሄልቪ ገና ከሩቅ ስታየኝ፣ "ካንጊ፣ ዛሬም ልትገባ ነው እንዴ? የበረዶ ጫማህን ረሳህ እኮ!" ብላ ሰልፈኛውን ሁሉ አሳቀችብኝ። የድሮ ተጫዋች ስለሆነ ደሙ ፈልቶ ነው ይላሉ። እኔም አብሬ ስቄ፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበትን ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ላንተ ልንገርህ፤ ነገሩ የሚጀምረው ካንተ ነው።

ኮሌጁ የቀጠረኝ ጊዜ "ረዳት አሰልጣኝ ደግሞ ምን ይሠራል?" ብለህ ስቀህብኝ ነበር። በር ይከፍታል፣ ቲቦ። እውነቴን ነው! ተከላካዮቹ ከአግዳሚው ተነስተው ወደ ሜዳ የሚወጡበትን በር የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ። የቀረው ሥራዬ መስማት ነው። ዋናው አሰልጣኝ ድሩኒያክ ይጮኻል፤ የተጮኸበት ልጅ እኔ ጋ ይመጣል። ማን ከፍቅረኛው እንደተጣላ፣ ማን ኬሚስትሪ እንደወደቀ፣ የማን እናት ሆስፒታል እንደገባች አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሰማሁት አንዱንም ለድሩኒያክ አላቀበልኩም። እሱም ጠይቆኝ አያውቅም። ቡድናችን የቆመው በዚህ ነው።

ቅዳሜ ለመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ወደ ሜዳ ስንመለስ ብሪስ እጅጌዬን ያዘኝ። ብሪስ ዘንድሮ ይመረቃል፤ ተከላካይ ነው፤ ያንተኑ ቁጥር ይለብሳል። የዚያን ቀን እሱን ለማየት ሁለት የፕሮፌሽናል ክለብ ሰዎች ተመልካቹ መሃል ተቀምጠው ነበር።

"ኮች፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ግን መጀመሪያ ማልልኝ።"

"ምን ሆነሃል?"

"ማልልኝ አልኩህ! ለሽማግሌው ለድሩኒያክም አትናገር፣ ለቡድኑ ሐኪምም አትናገር።"

"እሺ ማልኩ። ተናገር።"

"ቅድም አንዱ ከአጥሩ ጋር ካጋጨኝ ወዲህ የምንመታት ጎማ ሁለት ሆና ነው የምትታየኝ። ግን ደህና ነኝ፣ ሙት! ትክክለኛዋን መርጬ እመታታለሁ" ብሎ ሳቀ።

ቲቦ፣ ይችን ቀልድ ካንተ ሰምቻታለሁ። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ጭንቅላትህን በተመታህ ማግስት፣ ያን ጠዋት ሆቴል ክፍላችን ውስጥ መጋረጃውን ዘግተህ፣ ፎጣ ፊትህ ላይ ጥለህ፣ "ሁለት ጎማ ነው የማየው፤ አንዷ ያንተ፣ አንዷ የእኔ" አልከኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንተ በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆነን ስንከላከል ምን ያልተጋራነው ነገር አለ? "ትንፍሽ እንዳትል" አልከኝ፤ ትንፍሽ አላልኩም። ያን ቀን ተጫወትክ። ከዚያ በኋላ ግን አልተጫወትክም።

ባለፈው ነሐሴ ልጅህ ስትዳር አዳራሽ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርገህ ተቀመጥክ። ሙዚቃው ሲጀምር ተነስተህ መኪናህ ውስጥ ገባህ። ተከትዬህ መጣሁ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? "ካንጊ፣ ያን ጊዜ ስላልነገርክብኝ ሁሌም አመሰግንሃለሁ። እንዳንተ ያለ ጓደኛ የለኝም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ገብቶኛል። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ አንተ አመሰገንከኝ! ታዲያ ያኔ ልክ ነበርኩ ማለት ነው? ወይስ የሚያመሰግነኝ ያ የተመታው ጭንቅላትህ ነው? እንዲህ ብዬ በመጻፌ ይቅር በለኝ፤ ግን ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም።

እሺ፣ ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ሁለት ለሁለት ነን፣ ሰባት ደቂቃ ቀርቷል። አንዱ ተከላካያችን ደክሞት በአጥሩ ዘሎ ወደ አግዳሚው ተመለሰ። ድሩኒያክ "ብሪስ፣ ግባ!" አለ። ብሪስ ወደ በሩ መጣ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፤ አልከፈተም።

"ኮች፣ ክፈት!"

መቀርቀሪያውን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ።

"ክፈት እንጂ! ምን ነካህ? ካንጊ!"

በአጥሩ ሊዘል ሲል ማሊያውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ሜዳው ላይ አንድ ሰው ጎደለን። ድሩኒያክ "ማነው የሚገባው? አንድ ሰው ግባ!" እያለ ያብዳል። እግሬ በአጥሩ ላይ የተሻገረው ይሄኔ ነው። እንዴት እንደሆነ እንጃ። ያ ባዶ ቦታ ያንተ መሰለኝ። ላንተ ልገባልህ ፈልጌ ይሆን? እግሬን እስክመልስ ድረስ ጎል ገባብን፤ በዚያው ተሸነፍን። ድሩኒያክ "ሁለታችሁም ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን አልይ!" ስላለ ብሪስም ዳግም አልገባም።

የክለብ ሰዎቹ ሳያናግሩት ሄዱ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ብሪስ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "አልተናገርክም፣ መሐላህን ጠብቀሃል። ያደረግኸው ግን ከመናገር የባሰ ነው" አለኝ። እሑድ ጠዋት መሐላውንም አፈረስኩ፤ ለሐኪሟ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሐሙስ ትልቁ ሆስፒታል ጭንቅላቱን ይመረመራል።

ይኸው ከእሑድ ወዲህ የቢሮዬ በር ክፍት ነው፤ አንድ ልጅ ዝር አይልም። ድሩኒያክ ዛሬ ቆም ብሎ አየኝና፣ "ልጆቹ የማይነግሩት ረዳት ምን ያደርግልኛል?" ብሎኝ አለፈ።

የባሰውን ልንገርህ? ትናንት መኪና እየነዳሁ "ምነው አንድ ነገር በተገኘበት" ስል ራሴን ያዝኩት። የልጁን ጭንቅላት! እኔ ልክ እንድባል! መኪናዬን ዳር አቆምኩ። ምንም ካልተገኘበት፣ የጤነኛ ልጅ ዕድል የዘጋሁ ጅል ነኝ። ጅል ልሁን፣ ቲቦ። ከልቤ ነው፤ ጅል ልሁን።

ብርሃን ስለሚያምህ ይህን ጮክ ብላ የምታነብልህ ሚስትህ ማርገሪት እንደሆነች አውቃለሁ። ስለዚህ አንቺም ሰማሽ፣ ማርገሪት። ያን ጠዋት አውቅ ነበር። አንድ ስልክ ብደውልልሽ ታስቀሪው ነበር፤ አልደወልኩም። እሱ አመስግኖኛል፤ አንቺ ግን ምን እንደምትዪኝ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለመጠየቅ ፈርቻለሁ። አሁን ጠየቅሁሽ።

ሐሙስ የብሪስን ውጤት እንደሰማሁ፣ ደግም ሆነ ክፉ፣ ለሁለታችሁም እጽፋለሁ።

በግራህ የነበረው፣
ካንጊ